ደህና ሲሆን የሚደውል

ኦቦ ከብቶቻቸውን ውኃ ከማጠጣታቸው በፊት ውኃውን ራሳቸው ይቀምሱ ነበር።

መጀመሪያ ያየሁት ሰበታ በገባን በሁለተኛው ሳምንት ነው። የወንዙ መሻገሪያ ድንጋይ ላይ ተንበረከኩ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎናቸው አስቀመጡ፤ በመዳፋቸው ጨለፍ አድርገው አሸተቱ፤ ቀጥለው በምላሳቸው ጫፍ ነካ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ቆዩ። ሦስቱ ላሞች ከኋላቸው ቆመው ይጠብቃሉ። ኦቦ እንትፍ ብለው ተነስተው መንገዱን ሲለቁላቸው ላሞቹ ወረዱ።

እኔ ጸሎት የሚያደርሱ መስሎኝ ነበር። ባለቤታቸው ነገሩን ሲያስረዱኝ ግን ክው አልኩ። ከወንዙ በላይ ፋብሪካዎች አሉ። ውኃው ቀለም ይዞ ከወረደ ሕፃን ልጅም ይሸሸዋል፤ ክፉው ጠርቶ የሚወርደው ነው። ባለፈው ዓመት እንዲህ ጠርቶ የወረደ ውኃ የጠጣች ጥጃ በሦስተኛው ቀን ሞተችባቸው። ከየት እንደተለቀቀ ያኔም አልታወቀም፣ ዛሬም አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ኦቦ «ከብቱ አፍ የለውም፣ እኔ አፍ አለኝ» ብለው መቅመስ ጀመሩ። ከንፈራቸው ጥግ ላይ አልድን ያለች ቁስል ነበረች። ያቺ ቁስል አንጀቴን በላችው። ሰውየው በየማለዳው መርዝ እየላሱ እኔ እንዴት አርፌ የሒሳብ የቤት ሥራ እሠራለሁ?

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜ ዓለምን የሚያስተካክል ሰው ከራስ ሌላ አይታይም።

ኦቦ አከራያችን ናቸው። ያኔ ከነስማቸው ነበር የምጠራቸው፤ እዚህ ስማቸውን ትቼ ኦቦን፣ በአማርኛ አቶ እንደማለት ነው፣ ብቻ አስቀርቻለሁ። እኔና እናቴ እሳቸው ግቢ የገባነው አዲስ አበባ የነበረው ሰፈራችን ፈርሶ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የቤታችን ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ምልክትና ቁጥር ተጽፎበት አገኘሁ። እናቴ ከፊቱ ቆማ ሻሿን ታስተካክል ነበር፣ ፎቶ የሚያነሷት ይመስል። ብዙም ሳይቆይ ቤቱ አልነበረም። ስለዚህ ቀይ ቀለም ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው በኋላ ለሠራሁት ጥፋት ማመካኛ እንዳላበጅ ነው።

የተከራየናት ክፍል ከኦቦ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ትጋራለች፤ ስስ የጭቃ ግድግዳ። ኦቦ በዚያ በኩል ሲያስነጥሱ እናቴ በዚህ በኩል «ይማርዎ» ትላለች፤ እሳቸውም «ያኑርሽ» ብለው ይመልሳሉ። እናቴ ጸሐፊ ነበረች፤ በየማለዳው ከዓለም ገና ሚኒባስ ተሳፍራ ከተማ ትሄዳለች፣ እኔ ከትምህርት መልስ ብቻዬን እቀራለሁ። ብቻውን የሚውል ልጅ ወይ ይበላሻል ወይ ዕቃ ያበላሻል። እኔ ዕቃ አበላሽ ነበርኩ። የእናቴ ሬዲዮ፣ የጎረቤት ካውያ፣ የኦቦ ባትሪ፣ እጄ ገብቶ ደህና የወጣ ነገር አልነበረም።

ማሽኑን የሠራሁት መርካቶ ምናለሽ ተራ በለቀምኩት ዕቃ ነው። የሁለት የማይዝጉ ማንኪያዎችን እጀታ ቆርጬ ውኃው ውስጥ እንዲነከሩ አደረግኩ። ውኃው ውስጥ ጨውና ኬሚካል ሲበዛ በማንኪያዎቹ መሃል የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይጨምራል፤ ይህን የሚለካ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አለች። ከሷ ጋር አንድ ያረጀ ስልክ፣ ከፀሐይ መብራት ላይ የነቀልኩት ፓኔል፣ ሁሉንም የሚይዝ የዘይት ጀሪካን። ማሽኑ የሚተከለው ከመሻገሪያው ርቆ ወደ ፋብሪካዎቹ ጠጋ ብሎ ነው። በየማለዳው ከብት ከመውረዱ በፊት ይለካል፤ ክፉ ውኃ ካገኘ ለኦቦ ይደውላል፤ ውኃው መሻገሪያው ጋ ሳይደርስ ወሬው ይደርሳል። የሐሳቡ መጀመሪያም መጨረሻም ኦቦ መቅመሳቸውን እንዲተዉ ነበር።

መልእክት እንዳይልክላቸው ኦቦ አያነቡም። ስለዚህ ሚስኮል አደረግኩት፤ አንዴ ጠርቶ ይዘጋል፣ ካርድም አይበላም። ስልኩ ከጠራ ውኃው ክፉ ነው፤ ካልጠራ ደህና ነው። ይህን ይዤ አዲስ አበባ የወጣቶች የፈጠራ ሥራ ውድድር ላይ ቀረብኩና ሁለተኛ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ የቻለኝ የለም። ዛሬ ስታርትአፕ የሚሉትን ነገር በአፌ አቋቋምኩ። «መሥራችና ዋና ሥራ አስኪያጅ» የሚል ክብ ማኅተም አስቀረጽኩ። እናቴ ማኅተሙን መዳፏ ላይ መትታ አየችውና፣

«ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ሳህኑ አልታጠበም» አለች።

ደንበኞች በወንዙ ዳር እንደሚሰለፉ ስነግራት ደግሞ «ላም አለኝ በሰማይ» ብላ ተረቱን ሳትጨርሰው ወጣች። የነበረኝ ደንበኛ ኦቦ ብቻ ነበሩ። ማሽኑ የሚታሰርበትን እንጨት ለመትከል የመጀመሪያውን ጉድጓድ የቆፈሩልኝም እሳቸው ናቸው። ክፍያቸው በየጠዋቱ ደጃችን ላይ ተከድኖ የሚቀመጥ አንድ ኩባያ ወተት ነበር።

ችግሩ ኦቦ ስልክ እየጠራ ዝም ማለት አለመቻላቸው ነው። ማሽኑ አንዴ ጠርቶ ሳይዘጋ ብድግ ያደርጉታል። ድምፃቸው በግድግዳው አልፎ ይመጣል። «አካም ቡልቴ?» ይሉታል፤ እንዴት አደርክ ማለት ነው። «ነጋዳ?» ይላሉ፣ ሰላም ነው ወይ ለማለት፤ «ከብቱ ደህና? ሰዉ ደህና?» ማሽኑ ዝም። እሳቸው መልስ ይጠብቃሉ፤ ካርዱ ይበላል። ሄጄ አያንሱት፣ ሰው አይደለም፣ ዕቃ ነው አልኳቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝና ማልዶ ተነስቶ ስለ ከብቴ የደወለልኝን ሰላም ሳልለው ልዝጋበት ወይ አሉ። በማግሥቱም አነሱት። እኔ በዚህ በኩል ጥርሴን አፋጨሁ።

ግን መቅመስ ትተው ነበር። ወር ሲሞላ ያቺ ቁስል መድረቅ ጀመረች። እንደዚያ የኮራሁበት ነገር ከዚያ ወዲህ አልመጣም፤ ጉድ የሠራኝም ኩራቱ ነው።

የውድድሩ አዘጋጆች የሥራዬን ፎቶ እንድልክላቸው ጠየቁኝ። አንድ እንጨት ላይ የታሰረ አንድ ጀሪካን በፎቶ ሲታይ ድርጅት አይመስልም። ስለዚህ ማንንም ሳልጠይቅ በሌሎች ገበሬዎች ማሳ ጫፍ፣ ወንዙን ተከትዬ፣ ሦስት ተጨማሪ የባሕር ዛፍ እንጨት ተከልኩና ባዶ ጀሪካን ሰቀልኩባቸው። ከሩቅ እንዲታዩ የአራቱንም ጫፍ ቀይ ቀባሁ። ጎናቸው ላይ ከአንድ እስከ አራት ቁጥር ጻፍኩ። ፎቶው አማረ።

ወቅቱ የማስተር ፕላን ወቅት ነበር። አዲስ አበባ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሱሉልታ ትሰፋለች ተብሎ ሰዉ ሁሉ ስለ መሬት የሚያወራበት፤ ተማሪ ሰልፍ የሚወጣበት፣ መንገድ በድንጋይና በጎማ የሚዘጋበት፣ የሰው ልጅ ወጥቶ የሚቀርበት ጊዜ። ገበሬው አድሮ ሲነሳ ማሳው ላይ የቀያሽ ችካል እንዳያገኝ ይፈራል። የሚፈራው ችካል ጫፉ ቀይ ነው፤ ጎኑ ላይም ቁጥር አለው።

በሦስተኛው ቀን ስሄድ አራቱም ተነቅለው ተወስደዋል። የነቀሏቸው ሰዎች ሦስቱን ጀሪካን ከፍተው ባዶ ሲያገኟቸው ጥርጣሬያቸው ብሶ ነበር፤ ምንም የማይሠራ ዕቃ የተሰቀለበት ባለ ቁጥር እንጨት ምልክት ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እኔ ግን ይህን አላወቅኩም። ሌባ መስሎኝ ሌባውን ስረግም ዋልኩ።

እውነቱን ያመጡልን የኦቦ ባለቤት ናቸው። የነገሩት ለእናቴ ነው፤ ነገር ግን ያለችን አንዲት ክፍል ስለሆነች ሁሉንም ሰማሁ። ኦቦ ሲቆፍሩልኝ ያያቸው ሰው ነበር። የአካባቢው ሽማግሎች ሁለት ቀን ሙሉ ዋርካው ሥር ጠርተው ጠይቀዋቸዋል፤ ቀያሽ ያስገባኸው አንተ ነህ፣ መሬታችንን አሳልፈህ ሰጠህ ተብለዋል። ኦቦ «ያስተከልኩት እኔ ነኝ፣ ለከብት ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣቸውም። አብሯቸው ያደገ አንድ ባልንጀራቸው በመንገድ ሲያገኛቸው ሰላምታ ነስቷቸው አልፏል። ዕቃን እንኳ ሰላም ሳይሉ ስልክ የማይዘጉትን ሰው።

እናቴ ለምን የልጅቷ ነው እንዳላሉ ጠየቀች። ባለቤታቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። በዚህ ክፉ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣች ተከራይ ናት ያደረገችው ቢባል ምን እንደሚከተል ማን ያውቃል፤ እሱ ይህን ፈርቶ ነው አሉ።

አልጋው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እናቴ እስኪወጣልኝ ጠበቀችና ነጠላዋን አነሳች። በማግሥቱ ከሥራ ቀረች፤ ከዚያ በፊት ታማ እንኳ ቀርታ አታውቅም። ስንወጣ ማኅተሙን ልያዘው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። እንዴት አድርጋ እንዳየችኝ እስከዛሬ አልረሳም።

ዋርካው ሥር ሰባት ስምንት ሽማግሎች ተቀምጠዋል፤ ጀሪካኖቼ ፊታቸው ተደርድረዋል። ኦቦ ከዳር ናቸው፤ ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ። ሲያዩኝ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ተመለሺ ማለታቸው ነው። አልተመለስኩም። በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ጀመርኩ፤ ሲያቅተኝ ወደ አማርኛ ገባሁ፤ እነሱም አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ጠየቁኝ። ስለ ሞተችው ጥጃ፣ ስለ ኦቦ ከንፈር፣ ስለ ማንኪያዎቹ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሲያዳምጡ የቆዩ አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ወደ ጀሪካኖቹ ጠቆሙ።

«አንዱ ውኃ ያያል እንበል» አሉ። «ሦስቱ ባዶ የሆኑት ለምንድን ነው?»

መዋሸት እችል ነበር። መለዋወጫ እየጠበቅኩ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ኦቦን አየሁና አቃተኝ።

«ለፎቶ ነው» አልኩ። «ብዙ እንዲመስል።»

አንዱ ሽማግሌ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ሌላው ተከተሉ፤ ሳቁ ዞሮ ዞሮ ኦቦም ጋ ደረሰ። ሁለት ቀን ሙሉ ሥራ ፈትተው የዋሉት ለልጅ ፎቶ ነበር። እናቴ ግን አልሳቀችም። ሻሿን እያስተካከለች ወደፊት ወጣች።

«የኛም ቤት የፈረሰው ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነው» አለች። «ልጄ ማወቅ ነበረባት። ይቅር በሉን።»

ሳቁ ቆመ። ምርኩዝ የያዙት ሽማግሌ ተነስተው የተቀመጡበትን በርጩማ ለእናቴ ለቀቁላት። አልቀመጥም ብትልም አስቀመጧት። ከዚያ ወዲህ የነበረው ንግግር በጎረቤታሞች መሃል የሚደረግ ንግግር ነበር።

ውሳኔያቸው አጭር ነው። እንጨቱ ይመለስ፤ ግን አንዱ ብቻ፣ ባዶ ዕቃ አይተከልም። ቀለም አይኖረውም፣ ቁጥር አይኖረውም። የሰላም መሆኑ ከሩቅ እንዲታወቅ ጫፉ ላይ እርጥብ ሣር ይታሰርበት፤ በደረቀ ቁጥርም ይቀየር። እንጨቱንም መትቶ የሚያስገባው የመሬቱ ባለቤት ራሱ ይሁን፤ ሰው በገዛ እጁ የተከለውን አይፈራም። ማሽኑ የሚቆምበት መሬት ባለቤት ደግሞ ያ ለኦቦ ሰላምታ የነሳቸው ባልንጀራቸው ኖሯል። ሣሩን በእጁ አጭዶ አሰረ፤ እንጨቱን በመዶሻ መትቶ ተከለ፤ መዶሻውን አስቀምጦ ወደ ኦቦ ዞረ። ሰላምታቸው በጣም ረዘመ። እኔ ሽቦ የማስተካክል መስዬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው፣ ዓይኔን እንዳያዩት።

ሽማግሎቹ ያልጠየቁኝ፣ እኔም ለራሴ ያልጠየቅኩት አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር። ማሽኑ ካልደወለ ውኃው ደህና ነው ብዬ ነበር። ስልኩ ራሱ ባይሠራስ?

የሰልፉ ነገር እየከረረ ሄደ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ፋብሪካ የሚሠሩት ልጆች ደመወዛቸውን ሳይቀበሉ ወደ ደቡብ ወደየቤታቸው የሚሄዱበትን መኪና ፍለጋ ተሰለፉ። አንድ ማለዳ እናቴ መንገዱ ክፍት መሆኑን ጓደኛዋን ልትጠይቅ ስልኳን አነሳች፤ ነቀነቀችው፤ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ኔትወርክ የለም፣ ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ጠፍቷል አለች። ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ኩባያውን የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም። በሩን ስከፍት ግቢው ውስጥ ላሞቹ የሉም።

በባዶ እግሬ ሮጥኩ። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቅመሱን ያስተውኳቸው እኔ ነኝ። በራሳቸው ምላሳቸው ይተማመኑ የነበሩትን ሰው ዝምታን ይመኑ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ከላሞቹ አንዷ ደግሞ እርጉዝ ነበረች።

መሻገሪያው ጋ ስደርስ ኦቦ ድንጋዩ ላይ ተንበርክከዋል። ባርኔጣቸው ጎናቸው ነው። ላሞቹ ከኋላቸው ቆመው ይጠብቃሉ። ውኃው ጥርት ያለ ነበር። ኦቦ እንትፍ አሉ፤ ደግመው እንትፍ አሉ፤ አፋቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው ተነሱና ላሞቹን ወደ ኋላ መለሷቸው።

ትንፋሽ አጥሮኝ መናገር አልቻልኩም። ሲመለስልኝ ያገኘሁትን ሁሉ ቀባጠርኩ፤ ማሽኑ ተሳስቷል፣ አይ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ ዝም ካለ ደህና ነው ማለት አልነበረብኝም፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ። እያለቀስኩ ነበር። ኦቦ ባርኔጣቸውን አራግፈው ደፉት።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ትናንት ቡራዩ ያለው ልጄ አልደወለም። እህቴ ከጫንጮ አልደወለችም። ያንቺም ዕቃ አልደወለም። ሁሉም ባንድ ቀን ዝም ሲል ሰላም ነው ብዬ ልመን?»

ከንፈራቸውን አየሁት። ከዳነችው ቁስል ላይ አዲስ ቅላት ወጥቶ ነበር፣ ወይም ለኔ እንደዚያ መሰለኝ። ላሞቹን አብረን ነድተን ተመለስን፤ ውኃ ከጉድጓድ እየቀዳን በባልዲ አጠጣናቸው።

የዚያኑ ቀን ማሽኑን ፈትቼ አወረድኩት። የቀየርኩት አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ሲበልጥ ደውል የሚለውን ሲያንስ ደውል አደረግኩት። ከእንግዲህ የሚደውለው ውኃው ደህና ሲሆን ነው። ካልደወለ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ከብት አይወርድም። በዕድሜዬ ከጻፍኩት መስመር ሁሉ ይህቺን የምታህል የለችም። ዛሬ በቡራዩም በሱሉልታም የተተከሉት ማሽኖቻችን እንዲሁ ናቸው፤ ደህና ሲሆን ይደውላሉ። መሐንዲሶች ለምን ተገልብጦ እንደተሠራ ሲጠይቁኝ፣ ሰበታ አማካሪ ነበረኝ እላለሁ።

ኔትወርኩ እስኪመለስ ማሽኑን በእጄ ይዤ በየማለዳው ከኦቦ ጋር ወረድኩ። እሳቸው ለመንበርከክ ሲሉ እኔ ቀድሜ ማንኪያዎቹን እነክራለሁ። ሳይቀምሱ ቆመው ይጠብቁኛል፤ ላሞቹም ከኋላችን ቆመው ይጠብቃሉ። አንድ ማታ ኔትወርኩ ተመለሰ ሲባል፣ በማግሥቱ ማሽኑን ወስደን በቦታው አሰርነው፤ ሣሩንም ቀየርነው።

ከዚያ በኋላ በነጋው ገና ከአልጋዬ አልወረድኩም። ከግድግዳው ወዲያ ስልክ ጠራ። አንዴ ጠርቶ ሳይዘጋ ተነሳ።

«አካም ቡልቴ?» አሉ ኦቦ። «ነጋዳ?»

እንደ ልማዳቸው መልስ ጠበቁ። ካርዱ ይበላል። እናቴ ከትራሷ ቀና ብላ አየችኝ። ተነስቼ አፌን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ።

«ነጋ፣ ኦቦ» አልኩ።

ከዚያ ከብቱ ደህና፣ ሰዉ ደህና፣ እናትሽ ደህና እያሉ ቀጠሉ፤ እኔም አንዱንም ሳልዘል መለስኩላቸው። ሲጨርሱ ስልኩን ዘጉ፤ የበሩ መቀርቀሪያ ተሰማ፤ ላሞቹም ተፈቱ።